ተኝቶ የሸና ልጅ አይገረፍም

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ የማነሳው በየቤቱ በር ተዘግቶ የሚወራ ጉዳይ ነው፤ ልጆች ተኝተው ስለመሽናታቸው። አትሳቁ፤ እዚህ ካለነው መካከል በልጅነቱ ፍራሽ ገልብጦ የተኛ አይጠፋም።

ጤና ጣቢያ የሚመጡ እናቶች መጀመሪያ ስለ ጉንፋን ያወሩኛል። ልጁ ወጣ ሲል ነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲስተር፣ ይሄ ልጅ አሁንም ይሸናል፤ እንቅልፉ ሞት ነው» የሚሉኝ። ስለ እንቅልፉ እውነታቸውን ነው። ፊኛ ሲሞላ ለአንጎል ምልክት ይልካል። የእነዚህ ልጆች አንጎል ግን በዚያ ምልክት አይነቃም። እንቅልፍ ብቻውን ግን አያሸናም። ሌሊት ሽንትን የሚቀንስ ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን አለ፤ አንዳንዱ ልጅ ጋ ያንሳል። የሌላው ፊኛ ደግሞ ብዙ አይዝም። ታዲያ ስንፍናው የቱ ጋ ነው?

ከ100 የ5 ዓመት ልጆች 15 ያህሉ ይሸናሉ። ከሚሸኑት ውስጥ በየዓመቱ 15 በመቶ ያህሉ ሳይታከሙ ይተዋሉ። በዘርም ይወረሳል። አባት ቀበቶውን ከመፍታቱ በፊት እናቱን ይጠይቅ፤ አያቶች ይህን አይረሱም።

በሳማ የሚለበልብ አለ። በወንድም በእህቱ ፊት «ሽንታም» የሚል አለ። ተኝቶ ላደረገው ነገር ተገርፎ የተወ ልጅ አላየሁም፤ ጭንቀቱ ግን ያብስበታል።

ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ከሆነ በጎንደር ብርድ፣ በጨለማ ማን ይወጣል? ፖፖ አልጋው አጠገብ አኑሩለት። ፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፉ፤ በክረምት ማድረቂያ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ማታ ሻይና ቡና ይቅርበት። የሆድ ድርቀት ካለው አስቀድሞ እሱ ይታከም፤ የሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል። ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብታሸኑት አልጋው ይድናል፤ ልጁ ግን በራሱ መንቃትን አይማርም። እሱን የሚያስተምረው እርጥበት ሲነካው የሚጮህ አላርም ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ነቅቶ እሱ ቢያንኮራፋ አይግረማችሁ።

ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ቀንም ካመለጠው፣ ሲሸና ካቃጠለው፣ ወይም ሁልጊዜ በኃይል የሚያንኮራፋ ከሆነ አሳዩት። ውሃ ጥም ከበዛበትና ከከሳ ግን ነገ አትበሉ፤ ስኳር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን አምጡት።

መምህራን፣ ልጅ እጁን አውጥቶ «ሽንት ቤት ልሂድ» ሲል ፍቀዱለት። ሽንቱ እንዳይመጣበት ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይጠጣ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ጆጉን ይገለብጣል። የዚህ ትምህርት ቤት የሴቶች ሽንት ቤት ደግሞ መቀርቀሪያ የለውም። ርእሰ መምህሩ እዚሁ ናቸው፤ ሰምተውኛል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ በጆሮዬ ቢሆን ለሚመርጥም ከስብሰባው በኋላ እቆያለሁ።