«ዝብርቅርቅ» የተባለው ሳሎን፦ ስለ አንድ ቅጽል የተደረገ ውይይት

እሱ፦ ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን የአንድ ሰው የሙዚቃ፣ የንባብ ወይም የቤት ዕቃ ምርጫ ከብዙ ዓይነት የተውጣጣ መሆኑን ስለምንገልጽበት ቅጽል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኤክሌክቲክ» የሚሉትን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን ብለን እናግባው? ርዕሱን የመረጥሽው አንቺ ነሽና፣ እህቴ፣ አንቺው ጀምሪልን።

እሷ፦ የመረጥኩት ስለተሳሳትኩበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንዲት ሴት መኖሪያ ቤት የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ እዚህ ቃል ላይ ደረስኩና፣ ብዙም ሳላመነታ «ዝብርቅርቅ ያለ ሳሎን» ብዬ አለፍኩ። የቤቱ ባለቤት ትርጉሙን ካነበበች በኋላ የላከችልኝ መልእክት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «ቤቴን ሳይጸዳ ነው እንዴ ያያችሁት?»

እሱ፦ እውነቷን ነው! ዝብርቅርቅ የዕቃውን ዓይነት መብዛት ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ማጣቱንም ይናገራል። «ድብልቅ» ብትዪ ግን ትተርፊ ነበር።

እሷ፦ ከቁጣው እተርፍ ይሆናል እንጂ ከስሕተቱ አልተርፍም። ድብልቅ የሚለው ቃል ነገሮቹ አንድ ላይ መግባታቸውን ይነግረናል፤ ማን እንዳስገባቸው፣ አስቦ ይሁን ሳያስብ ግን አይነግረንም። ደግሞም የቃሉን የመጨረሻ ፊደላት ደገም አድርገህ «ድብልቅልቅ» ብትለው ወዲያውኑ ግርግርና ትርምስ ይሆንብሃል። እንዲህ ያለው ድግግሞሽ ሁልጊዜ ወቀሳ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነብርን ዥንጉርጉር ስንል ማንም አልተሰደበም። ነገር ግን ዥንጉርጉር ዓይን የሚያየውን የቆዳና የቀለም መልክ ይገልጻል እንጂ የሰውን ምርጫ ለመግለጽ አይመችም።

እሱ፦ እንግዲያው ወደ ቃሉ ምንጭ እንሂድ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ የተገኘውም ለይቶ ማውጣት፣ መምረጥ የሚል ትርጉም ካለው ግሥ ነው። የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጀነስ ላኤርቲየስ እንደሚነግረን፣ የእስክንድርያው ፖታሞን በጊዜው ከነበሩት የፍልስፍና ወገኖች ሁሉ ትምህርት ደስ ያለውን እየመረጠ የራሱን ወገን መሥርቶ ነበር፤ ያም ወገን በዚሁ ስም ተጠራ። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ መጀመሪያ የገባው ሐሳብ መምረጥ ነው፤ መቀላቀል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እሷ፦ እኔም ልደርስበት የፈለግኩት እዚሁ ነው። እጃችን ላይ ያሉትን ቃላት በዚህ ሚዛን ብናያቸው አብዛኞቹ ይጎድላሉ። «ቅይጥ» ለቅይጥ ኢኮኖሚ ይሆናል፤ ስለ ሰው የንባብ ፍላጎት ሲነገር ግን ንጹሕ ያልሆነ ነገር የተገኘ ያስመስላል። «ጉራማይሌ» ውብ ቃል ነው፤ ሆኖም ሁለት ቋንቋ እያቀላቀለ የሚናገርን ሰው ስንተች ደጋግመን ስለተጠቀምንበት የሽሙጥ ጠረን ይዟል።

እሱ፦ «ኅብር»ን ምን ጎደለው ልትዪ ነው?

እሷ፦ ኅብር አይጎድለውም፤ ይልቁንም ይበዛበታል። ነገሮቹ እርስ በርሳቸው እንደተስማሙ አስቀድሞ ይመሰክራል፤ ቅኔ ላይም ኅብር የምንለው አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ተስማምተውለት ሲገኝ ነው። ይህኛው ቅጽል ግን ስምምነት ቃል አይገባም። ከየፈርጁ ተመርጠው ጎን ለጎን የተቀመጡት ነገሮች እየተኳረፉም ሊኖሩ ይችላሉ።

እሱ፦ ይህን ሁሉ ከመድከም በግእዝ ፊደል «ኤክሌክቲክ» ብለን ብንወስደውስ? በሥነ ሕንጻ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። በ1861 ተጀምሮ በ1875 የተመረቀው የፓሪሱ የጋርኒዬ ኦፔራ ቤት ከህዳሴውም ከባሮኩም ዘመን የተወሰዱ ቅርጾችን በአንድ ግንባር ላይ አሰልፎ ስለያዘ፣ መጻሕፍቱ የሚመድቡት በዚሁ ስያሜ ሥር ነው።

እሷ፦ ለሙያ ጽሑፍ እቀበልሃለሁ፤ እዚያ የአንድ ስልት መጠሪያ ነውና። ለተራ ዓረፍተ ነገር ግን አማርኛ ከቅጽል የተሻለ መሣሪያ አለው፤ እሱም «ከየ» ነው። «የሙዚቃ ምርጫዋ ድብልቅ ነው» ከማለት «ከየዘመኑ የመረጠችውን ታዳምጣለች» ብንል፣ «ከየ» ብዛቱን፣ «የመረጠችውን» ፈቃዷን ይናገራል። ግሪኩ በአንድ ቃል የያዘውን እኛ በቅድመ ቅጥያና በግሥ እንይዘዋለን፤ ምንም አልቀረብንም።

እሱ፦ ቅጽል ካስፈለገስ? ርዕስ ላይ ወይም የሥዕል መግለጫ ላይ እንዲህ ያለ ሐረግ ይረዝማል።

እሷ፦ ያን ጊዜ «ከየዓይነቱ የተመረጠ» ወይም «የተሰባጠረ» እላለሁ፤ የተሰባጠረ ውስጥ ቢያንስ ያሰባጠረ እጅ ይታያል። «ልዩ ልዩ» ደግሞ ልኩን የሚያውቅ ቃል ስለሆነ አይናቅም። «የተለያየ»ን ግን ተጠንቅቆ ማስገባት ያስፈልጋል፤ «የባልና ሚስቱ ምርጫ የተለያየ ነው» ብትል አንባቢ ሁለቱ አልተስማሙም ብሎ እንጂ እያንዳንዳቸው ብዙ ነገር ይወዳሉ ብሎ አይረዳህም።

እሱ፦ እኔ ደግሞ አንድ ቅሬታ ልጨምር። የየትኛውም ቋንቋ ጸሐፊዎች ይህን ቅጽል ጥለው ይሄዳሉ። «ንባቡ ከየዓይነቱ ነው» ተብሎ በአራት ነጥብ ሲዘጋ ምን እንደሚያነብ አላወቅንም። «ከሥነ ፈለክ መጽሐፍ ተነሥቶ ወደ ወንጀል ልብ ወለድ፣ ከዚያም ወደ ጸሎት መጽሐፍ ይሻገራል» ቢባል ግን ሰውየውን አየነው፤ እንዲያውም ቅጽሉ ባይኖርም አይናፍቀንም። ለአንድ ነጠላ ዕቃ መስጠትም ሌላው ጥፋት ነው፤ አንድ ወንበር በራሱ ውስጥ የብዙ ዘመን አሠራር ካልያዘ በስተቀር ይህ ቅጽል አይገባውም። የሚስማማው እንደ ስብስብ፣ ምርጫና ዝንባሌ ላሉ ብዙ ነገር ለሚይዙ ስሞች ነው።

እሷ፦ በዚህ አልከራከርህም።

እሱ፦ ከመለያየታችን በፊት ያንን ሳሎን እንደገና ተርጉሚልን፤ ሴትዮዋ ምናልባት እያደመጠችን ይሆናል።

እሷ፦ ዛሬ ቢሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሳሎኗን ከየዘመኑ በመረጠቻቸው ዕቃዎች አስጊጣዋለች፤ ከአያቷ የወረሰችው ሣጥን በብርጭቆ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል፣ ከሁለቱም በላይ ልጇ በሰም ቀለም የሣለችው ሥዕል ተሰቅሏል።»