አንበሶቹን የገዛው ሰው

ክቡራትና ክቡራን፣ የፊልም ወዳጆች፣

እንደምን አመሻችሁ። ተዋናይ ይደነቃል፣ ዳይሬክተር ይጠየቃል፤ የፕሮዲውሰር ስም የሚነሣው ግን ገንዘብ ሲጎድል ነው። ዛሬ ተራው የእርሱ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦሌ ኦልሰን በ1863 በዴንማርክ ገጠር በድህነት ተወለደ። ከፊልም በፊት በየገበያው እየዞረ ትርዒት ያሳይ ነበር፤ ሰው ኪሱን የሚፈታው ለምን እንደሆነ የተማረውም እዚያ ነው። በ1905 ኮፐንሃገን ውስጥ ሲኒማ ቤት ከፈተ፤ በ1906 ደግሞ ኖርዲስክ ፊልም የተባለውን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ።

በ1907 ከሃምቡርግ ሁለት አንበሶች ገዛ። በሮስኪልድ ፍዮርድ ወዳለች ኤሌኦሬ ወደምትባል ትንሽ ደሴት አስወሰዳቸውና በካሜራ ፊት በጥይት አስገደላቸው። የአፍሪካ አደን ዴንማርክ ውስጥ ተቀረጸ ማለት ነው! የፍትሕ ሚኒስትሩ አልበርቲ ከለከለ፤ ኦልሰን ግን ፊልሙን ውጭ አገር ወስዶ አሳየ። ክልከላው ማስታወቂያ ሆነለትና 259 ቅጂ ሸጠ። ሚኒስትሩ በዓመቱ በገንዘብ ማጭበርበር እጁን ለፖሊስ ሰጠ፤ ይህን ያነሣሁት ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ኦልሰንን ብልህ ነጋዴ ነበር ስል ግን ደግ ነበር ማለቴ አይደለም።

ከሌላ መውሰድም አያሳፍረውም ነበር። በ1910 በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ የነበረው ፎቶራማ ኩባንያ ሴቶች ስለሚሸጡበት ንግድ የሠራው ረጅም ፊልም ሲደራለት፣ ኦልሰን ትዕይንቱን በትዕይንት አስገልብጦ የራሱን አወጣ። ተመልካች ረጅም ታሪክ ተቀምጦ እንደሚያይ የገባው በዚህ በተቀዳ ሥራ ነው።

ትልቁ ችሎታው ግን ሌላ ነው። ትንሽ አገር የፊልም ወጪ አይመልስም። ድምፅ አልባ ፊልም ደግሞ አስተርጓሚ አይሻም፤ በመካከሉ የሚገባውን ጽሑፍ በገዢው ቋንቋ መለወጥ ይበቃል። ስለዚህ ኦልሰን ከመጀመሪያው ለውጭ ገበያ ሠራ፤ እስከ ኒውዮርክ ድረስ ቅርንጫፍ ከፈተ፣ በጀርመንም ሲኒማ ቤቶች ያዘ። ድንበር ያበለጸገውን ሰው ድንበር መልሶ ጎዳው፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1917፣ የጀርመን ንብረቱ ኡፋ ወደተባለው አዲስ የጀርመን ፊልም ኩባንያ ተላለፈ። በማግስቱ ዓመት በጽሑፉ ራሱ የተሳተፈበትን፣ ወደ ሰላማዊቷ ማርስ የሚጓዙ ሰዎችን የሚያሳይ ፊልም አወጣ። በ1924 ከኩባንያው ወጣ፤ በ1943 አረፈ።

አሁን የምናየው ያንኑ የአንበሳ አደን ነው። ድምፅ የለውም፤ አንበሶቹ ግን እውነተኛ ናቸው። ማየት የማይሻ ሰው ቢወጣ አይከፋኝም። መብራቱን አጥፉልን።