ስለ ቅዱስ ፓትሪክ ለጠየቃችሁኝ

ለአየርላንድ ሰዎች ወንጌልን ስለሰበከው ቅዱስ ፓትሪክ ባለፈው ፕሮግራም በስልክ የገቡ ጥያቄዎች ብዙ ስለነበሩ ሰዓቱ አልበቃንም። የቀሩትን እነሆ።

«እባቦችን ከአየርላንድ ያባረረው እውነት እሱ ነው?»

አይደለም። ከበረዶው ዘመን ወዲህ አየርላንድ ውስጥ እባብ አልነበረም።

«ምሥጢረ ሥላሴን ያስተማረባት ባለሦስት ቅጠልስ?»

የእኛን ማገጥ የምትመስለዋ ማለትዎ ነው። ታሪኳ ተጽፎ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለልጆች ማስተማሪያ ትሁን፣ ግን ራሱ ፓትሪክ የትም አልጻፋትም። እኔ ሁሌ የምለው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ የራሱን ጽሑፍ አንብቡ።

«የአየርላንድ ተወላጅ ነው አይደል?»

ተወላጅነቱ ከብሪታንያ ነው፤ 5ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የኖረ ሰው ነው። አባቱ ዲያቆን፣ አያቱ ቄስ ነበሩ። በ16 ዓመቱ ወንበዴዎች አፍነው አየርላንድ ወሰዱት፤ 6 ዓመት ባሪያ ሆኖ መንጋ ጠበቀ። ጎህ ሳይቀድ በበረዶና በዝናብ ተነሥቶ ይጸልይ ነበር፣ በቀን እስከ 100 ጊዜ። አምልጦ ቤቱ ከገባ በኋላ በሕልሙ ቪክቶሪኮስ የሚባል ሰው ደብዳቤ ተሸክሞ መጣ፤ የአየርላንድ ሰዎች «ና፣ ተመልሰህ በመካከላችን ተመላለስ» ይሉታል። ጳጳስ ሆኖ ባሪያ ወዳደረጉት ሰዎች ተመለሰ። እኔን ሁሌ የሚነካኝ ይሄ ነው። ሁሉም «ኑዛዜ» በተባለው ጽሑፉ ውስጥ አለ።

«ከእኛ አባ ሰላማ ጋር አይመሳሰልም?»

በጣም ይመሳሰላል። ፍሬምናጦስም በልጅነቱ ተማርኮ አክሱም ገባ፣ በኋላ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ። ልዩነቱ እሱ ያደገው ቤተ መንግሥት ነው።

«ወንድሜ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ፓትሪክ ተራራ ላይ 40 ቀን እህል ሳይቀምስ ጾሟል ብሎ እሱም ጀመረ፤ መድኃኒቱንም ትቷል።» (ከደብሊን የደወለች እህት)

እህቴ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ ነገ አትበዪ። ይህን ዓይነት ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ሳምንት የለም፣ በሰማሁ ቁጥርም ልቤ ይደነግጣል። የ40 ቀኑን ታሪክ የጻፈው ቲሬካን የሚባል የአየርላንድ ጳጳስ ነው፣ ፓትሪክ ካረፈ 200 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ከሙሴ ጋር እያመሳሰለ። «ኑዛዜ»ው ውስጥ ግን የለም። እዚያ ያለው ሌላ ነገር ነው፦ ካመለጠ በኋላ ከመርከበኞች ጋር 28 ቀን ሰው በሌለበት አገር ሲጓዙ ምግብ አለቀባቸው። ተራቡ። ታዲያ ፓትሪክ ምን አደረገ? «በሙሉ ልባችሁ ወደ አምላኬ ተመለሱ፣ ዛሬ ምግብ ይልክላችኋል» አላቸው! የአሳማ መንጋ መንገዱ ላይ ወጣ፣ አርደው በሉ፣ እዚያው ሁለት ሌሊት አድረው በረቱ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ራስን ለመጉዳት ምስክር የምናደርገው? የስኳር መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል፤ እየወሰደ ካልበላ ደግሞ ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ቤተ ክርስቲያናችንም ለታመመ ሰው ጾም ታቀልላለች፤ የንስሐ አባቱ ይህን ይንገሩት። እባካችሁ፣ ገድል ሰምታችሁ ኪኒን አትጣሉ። ራሱ የጻፈውን አንብቡ፣ መድኃኒታችሁን ዋጡ።

«በዓሉ መቼ ነው?»

ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8።

«እናቴ ጉልበቷን ኦፕሬሽን ሆናለች፤ በሐምሌው ጉዞ ክሮግ ፓትሪክን በባዶ እግሯ ልትወጣ ትፈልጋለች። ይቻላል?»

ክሮግ ፓትሪክ ያ የ40 ቀኑ ጾም የሚነገርለት የአየርላንድ ተራራ ነው፣ ከፍታው 764 ሜትር፤ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ጤነኛውም ይወድቅበታል። ውሳኔው የእኔ አይደለም፣ የአጥንት ሐኪሟን ጠይቂ።