ክንፉን አትገልብጡት

እንደምን ዋላችሁ፣ የጎንደር ልጆች! እናቶች፣ አባቶች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ሰሞኑን አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ሰውየው ሀንግ ግላይደር በሚባለው ሞተር አልባ መብረሪያ ክንፍ አየር ላይ ሙሉ ዙር ይገለበጣል። «ጋሼ፣ ይሄንን መቼ ነው የምታስተምረን?» አለኝ። አላስተምርህም። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ ላስረዳህ፤ እዚሁ ተቀምጠሃል።

አውሮፕላን ጅራት አለው፤ ሀንግ ግላይደር የለውም። የአሉሚኒየም ቧንቧና ሸራ ነው። አብራሪው ከክንፉ ሥር ተንጠልጥሎ፣ ከፊቱ ያለውን የመያዣ ብረት ይዞ፣ ሰውነቱን ወዲህና ወዲያ ያደርጋል። መሪው የገዛ ክብደቱ ነው።

እንግዲህ ክብደቱ ማንጠልጠያውን መጎተት ቢያቆምስ? ስትገለበጡ የዙሩ አናት ላይ ፍጥነት ካነሳችሁ የሚመጣው ይሄ ነው። እኔ አንዴ ቀምሼዋለሁ። ልገለበጥ ብዬ አይደለም፤ የክንፉን አፍንጫ አብዝቼ ቀና አድርጌው ነው። ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ የነበረው ነፋስ ጭጭ አለ። ማንጠልጠያው ላላ። ብረቱን ብስበው ምንም! ደግነቱ ክንፉ አፍንጫውን ደፍቶ ፍጥነቱን መለሰ። መሬት ስደርስ ጉልበቴ አልሸከም አለኝ።

ባይመልስስ? ክንፉ በአፍንጫው ወደፊት ይገለባበጣል። አብራሪው ሸራው ላይ ይወድቅበታል፤ ቧንቧው ይሰበራል። «ፓራሹት አለ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ፤ ግን በእጅ የሚወረወር ነው። እየተሽከረከራችሁ እጀታውን ማግኘት አለባችሁ። ገመዱ ከስብርባሪው ጋር ሊጠላለፍ ይችላል። መሬት ከቀረበ ደግሞ እስኪዘረጋ ጊዜ የለም።

ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታልም በክብደቱ ነበር ክንፉን የሚመራው። በ1896 እ.ኤ.አ. ክንፉ አየር ላይ ፍጥነት አጥቶ ከ15 ሜትር ገደማ ወደቀ፤ በማግስቱ ሞተ። ያ ሰው ትርኢት እያሳየ አልነበረም። ብዙ ጊዜ የበረረ፣ ጠንቃቃ መሐንዲስ ነበር።

በብዙ ክንፎች ላይ ገደቡ ተጽፎ ተለጥፏል፦ ወደ ጎን ከ60 ዲግሪ በላይ አታዘንብሉ፤ አፍንጫውን ከ30 ዲግሪ በላይ ቀና ወይም ደፋ አታድርጉ። ሠሪዎቹ ክንፉን የፈተኑት ለዚህ ነው። የሚገለበጡ ባለሙያዎች አሉ፣ አልክድም። ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፣ ብዙ ከፍታ ይዘው ነው የሚጀምሩት። ከእነሱም የሞቱ አሉ።

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ክንፉ እንዲሸከማችሁ የበለጠ መፍጠን አለበት። ስትነሡም ስታርፉም መሬቱ በፍጥነት ነው የሚመጣባችሁ። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ይብሳል። በባሕር ጠረፍ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ይሄን አይነግራችሁም።

እናቶች፣ ልጆቻችሁ እንዳይበሩ አይደለም የምለምነው። ሊማሊሞ ላይ ጥንብ አንሣ ክንፉን ዘርግቶ፣ አንዴም ሳያርገበግብ ሲንሳፈፍ አይታችኋል። ላስተምራቸው የምፈልገው ያንን ነው።

አንተም ልጄ፣ ቅዳሜ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ሜዳው ላይ እንገናኝ። ክንፉን ትከሻህ ላይ ይዘህ መሮጥ፣ ከዚያ መቆም። የመጀመሪያው ሳምንት ይኸው ነው።

አመሰግናለሁ።