መጀመሪያ ሚዛኑ፣ ከዚያ ፕሮቡ

ከሐዋሳና ከዙሪያዋ የመጣችሁ ነርሶችና ሐኪሞች፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ኢኮ ማሽን፣ ማለትም ስለ ልብ አልትራሳውንድ፣ ላወራ የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። ማሽኑ ሥራውን ያውቃል፤ ደረት ላይ በምናሳርፈው ፕሮብ ድምፅ ይልካል፣ ሲመለስለት በሚሊ ሜትር ይነግረናል። ጣጣው የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ ከሁላ ደጋ ጃኬት ደርቦ የወረደ ልጅ ከነጫማው ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው።

45 ሚሊ ሜትርን እንውሰድ። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ደም ሞልቶት በሰፋበት ቅጽበት ይህን ያህል ቢለካ፣ ለአዋቂ ምንም አይደለም። 18 ኪሎ ለሚመዝን፣ ቁመቱ 110 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ ግን ልቡ ተለጥጧል ማለት ነው፤ ቫልቭ (የልብ በር) እያፈሰሰ ወይም ጡንቻው ደክሞ ይሆናል። ለዚህ ነው የልጅ ልብ ከሰውነት ስፋት ጋር ተነጻጽሮ የሚነበበው። ይህን ስፋት ለማግኘት በሳንቲ ሜትር የተለካውን ቁመት በኪሎ ከተለካው ክብደት ጋር አባዙ፤ ለ3600 አካፍሉና ካሬ ሥሩን አውጡ። የዚያ ልጅ 0.74 ካሬ ሜትር ይመጣል። ዜድ ስኮሩ ደግሞ ከመሰሎቹ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል፤ ከ-2 እስከ +2 ድረስ ጤነኛ እንላለን።

ወንድና ሴትስ? ከጉርምስና በፊት ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። በኋላ ወንዶቹ ጡንቻ ሲያወጡ ልባቸውም አብሮ ይከብዳል፤ ልብ ከስብ ይልቅ ጡንቻን ተከትሎ ነዋ የሚያድገው። ሴቶቹ ግን ቀድመው ይመዘዛሉ። የ12 ዓመቷ ልጅ ከእኩያዋ ወንድ በቁመት ብትበልጥ አይግረማችሁ። ዕድሜዋን ብቻ አይቶ «ልቧ ሰፍቷል» ማለት እናትን በከንቱ ማስደንገጥ ነው።

የከሳ ልጅ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ክብደቱ ሲወርድ የሰውነቱ ስፋት በስሌት ያንሳል፣ ደህናው ልብ ትልቅ መስሎ ይታያል። በሌላ በኩል ረሃብ ራሱ የልብን ጡንቻ ያሳሳል። ስለዚህ የምግብ እጥረት ካለ አብሮ ይጻፍ።

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሪውማቲክ፣ ማለትም ቫልቭ የሚጎዳው የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ልጆቻችን ክትትል ነው። ባለፈው 40 ሚሊ ሜትር የነበረው የልብ ክፍል ዛሬ 43 ሆነ እንበል። ልጁ አድጎ ነው ወይስ ቫልቩ ብሶበት? በድሮው ወረቀት ላይ ቁመትና ክብደት ካልተጻፈ በምን እናውቃለን?

ስለዚህ ጃኬቱ ይውለቅ፣ ጫማው ይውለቅ፣ ቁመትና ክብደቱ ከነቀኑ በኢኮ ወረቀቱ አናት ላይ ይስፈር። አንድ ቅጂም ለእናትየው ይሰጥልኝ። አመሰግናለሁ።