ጠርሙሱ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ የሰፈሬ ልጅ ላጫውታችሁ። ሰፈር የሚያውቀው «ጠርሙሱ» በሚል ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

አስራ አንድ ዓመት ቢሆነን ነው። ከሱቁ ጀርባ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ በሳጥን ይደረደር ነበር። በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ እጃችንን ሰደን አራት እናወጣለን። ከዚያ ዞረን በፊት ለፊት ገብተን ለዛው ባለሱቅ እንመልስለታለን። የጠርሙሱን ብር ተቀብለን ብስኩት እንገዛለን፣ ከራሱ። ሐሳቡ የኔ ነበር። ሁለቴ ተሳካልን፣ በሦስተኛው ተያዝን።

አባቴ አስተማሪ ነው። መጣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከፈለ፣ እኔን በጆሮዬ ይዞ ወደ ቤት። ባለሱቁ «አይ ጋሼ፣ ልጅ አይደል፣ ያኛው አሳስቶት ነው» ብሎ ሸኘን። የያኛው እናት እንጀራ ልትሸጥ ወጥታለች። እስክትመጣ ጠርሙሶቹን ታቅፎ ሱቁ በር ላይ ቆመ። አላፊ አግዳሚው አየው። ስሙ የወጣው ያን ቀን ነው።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል። የሱ ግን ከጎረቤት ወጥቶ ቤት ነው የተከተለው። ቆይቶ እናቱም ሳንቲም ሲጎድልባት እሱን መፈተሽ ጀመረች። ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ቢጠፋ፣ ለቅሶ ቤት ጫማ ቢለዋወጥ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የነሱ በር ነው። እኔም ከፈታሾቹ ጋር ሄጄ አውቃለሁ። አዎ፣ እኔ።

ዊልያም ቻምብሊስ የሚባል አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት አለ። ሁለት የጎረምሳ ቡድኖችን ተከታተለ፦ ስምንት የደህና ቤተሰብ ልጆችና ስድስት የድሃ ልጆች። ጥፋታቸው ብዙም አይበላለጥም። ከስምንቱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም የታሰረ የለም። ስድስቱን ፖሊስ በየጊዜው ያነሳቸዋል። መጨረሻቸውም አንድ አልሆነም፤ ከስድስቱ ሁለቱ በስፖርት ኮሌጅ ገብተው አስተማሪ ሲሆኑ፣ ሌሎች ሁለት በነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው። ሳነበው መጀመሪያ የታየኝ ጆሮዬ ነው፣ አባቴ የያዘው።

ጠርሙሱ ስምንተኛን ጨርሶ ሥራ ፈለገ። እኛ አገር ደግሞ ሥራ ያለ ተያዥ የለም። ጋራዥ ቢሄድ ተያዥ፣ ሆቴል ቢሄድ ተያዥ። ማን ይፈርምለት? በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለው፣ ከዚያም አዋጁ ከዘረዘራቸው ድርጊቶች አንዱን ሲፈጽም የተገኘ ሰው፣ ሕጉ «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል ስም ሰጠው። እስቲ አስቡት፤ «ሌባ ነው» ተብሎ ሥራ አጣ፣ ሥራ ስላጣ «ቦዘኔ» ሆነ።

በ1998 ጥቅምት፣ ከምርጫው በኋላ ያ ረብሻ ሲነሳ፣ ወጣቱ በሺዎች ታፈሰ። ብዙዎቹን ደዴሳ ወታደራዊ ካምፕ ወሰዷቸው። እኛ ሰፈር አፈሳው ሲመጣ እኔ አልጋ ስር ነበርኩ። እሱን ለመፈለግ ማንም አልተቸገረም። ሲመለስ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ዝም ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ በእውነትም ሰርቋል፣ አልዋሻችሁም። አንዴ ጠይቄው «ሳልሰርቅም ከፍዬበታለሁ፣ ቢያንስ ልብላበት» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁሉም ሌባ ጎረቤት የሠራው ነው እያልኩ አይደለም፤ ስልኩ የተነጠቀ ሰው ቢሰማኝ ይሰድበኛል፣ ልክም ነው። የማወራው ስለዚህ አንድ ልጅ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሰፈር ሄጄ አገኘሁት። ታክሲ ተራ ያስከብራል። ከሩቅ ጠራኝ፣ ተቃቀፍን፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጨን። ስንላቀቅ እጄ ሳላዘው ኪሴ ላይ ሄደ። አየኝ።

«አለ?» አለኝ።

ስልኬን ነው።