ሁለቴ አሸንፎ ዋንጫ የበላው ቲም

እሺ፣ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ቅዳሜ ኳስ ልንጫወት ተሰብስበን አንዱ ልጅ ቲሸርቴን አየና "ጋሼ፣ ዋሽንግተን ቫሎር ምንድነው፣ የሴኩሪቲ ካምፓኒ ነው?" አለኝ። ሳቅኩ፣ ግን ከፋኝም፣ ምክንያቱም ቫሎር እዚሁ ዲሲ፣ ቻይናታውን ያለው ካፒታል ዋን አሬና ውስጥ ይጫወት የነበረ የአሬና ፉትቦል ቲም ነው፣ ያውም ሻምፒዮን።

አሬና ፉትቦል ማለት የአሜሪካን ፉትቦል ሆኖ ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነው። የሆኪ ሜዳ በሚያክል ቦታ ላይ አርቲፊሻል ሳር ያነጥፋሉ፣ ርዝመቱ 50 ያርድ ብቻ፣ በአንድ ወገን 8 ሰው፣ ዳር ዳሩ ስፖንጅ የለበሰ ግድግዳ፣ እና ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሲገፉት ግድግዳው ላይ ተገልብጦ ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ቢራ ላይ ሊያርፍ ምንም አይቀረው። ስኮሩ ደግሞ 50 ምናምን ለ 40 ምናምን። 1 ለ 0 እያየን ላደግን ሰዎች ቅርጫት ኳስ ነው የሚመስለው።

እኔ ያኔ እዛ አካባቢ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ 2017 መሆኑ ነው፣ አንድ ደንበኛ የማይፈልገውን ትኬት ሰጠኝና ገባሁ። የወደድኩት ምን መሰላችሁ፣ ሌላ ስታዲየም ስሄድ አጠገቤ ያለው ሰው ከአያቱ ጀምሮ ደጋፊ ነው፣ እኔ መቼ እንደሚጨበጨብም አላውቅም። እዚህ ግን ቲሙ ገና ዓመቱ ነው፣ ሁሉም እንደኔ አዲስ፣ ሁሉም ሕጉን እየጠየቀ ነው የሚያየው።

ቲሙማ ደካማ ነበር። መጀመሪያ ዓመት 14 ተጫውቶ 3 አሸነፈ። በ2018 ብሶበት 12 ተጫውቶ 2! መጨረሻ ሆነ። ግን ሊጉ ውስጥ የቀሩት 4 ቲሞች ብቻ ስለሆኑ አራቱም ፕሌይኦፍ፣ ማለት ዋንጫው የሚለይበት ጥሎ ማለፍ፣ ገቡ፣ በቃ እዛ ላይ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ አንደኛ የነበረውን አልባኒን ጥለው ፋይናል ደረሱ፣ ጁላይ 28 ባልቲሞር ድረስ ሄደው ባልቲሞር ብሪጌድን 69 ለ 55 አሸነፉት። የሁለቱም ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ ነበር፣ የዊዛርድስ ቅርጫት ኳስና የካፒታልስ ሆኪ ቲሞች ባለቤት፣ ስለዚህ ዋንጫው ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራ ኪሱ ነው የሄደው በሉት። የዛኑ ዓመት ካፒታልስ የሆኪውን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ሲበላ ከተማው በሰው ተጥለቅልቆ መኪና ማውጣት አቅቶን ነበር። ቫሎር ሲበላ እኔ ጋ መኪና ካቆመው ሁሉ አንድም ሰው አላነሳውም።

2019 ላይ ሊጉ 6 ቲም ሆኖ ትንሽ ያንሰራራ መስሎ ነበር፣ ከዛ ኖቬምበር ላይ ከድሮ የዞረ ዕዳና የኢንሹራንስ ክስ ተደምሮበት ባንክራፕሲ ገባ፣ ቫሎርም አብሮ ቀረ። ሦስት ሲዝን፣ አለቀ።

ይሄን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት፣ ጫማውን እያሰረ ሰማኝ ሰማኝና፣ "2 አሸንፎ ሻምፒዮን? ጋሼ፣ ይሄማ ሊግ አይደለም፣ ዕቁብ ነው፣ ዕጣ ወጥቶላቸው ነው" ብሎኝ ወደ ሜዳ ገባ።